«ለበጎ ነው» ለማለት አትቸኩሉ

ለቅሶ ቤት ገብቶ ገና ሳይቀመጥ «ለበጎ ነው፤ እግዚአብሔር ያለ ምክንያት አያደርግም» የሚል ሰው አይጠፋም። ክፋት ኖሮት አይደለም፤ ዝምታው ከብዶት ነው። ቃሉ ግን ትናንት ልጁን ለቀበረ አባት ሲነገር ማጽናናቱ ይቀርና ሌላ ሸክም ይሆንበታል። ካለቀሰ እምነት የጎደለው ሊመስል ነው። ክርስትና መከራ ትርጉም እንዳለው ያስተምራል፤ እኔም በሙሉ ልቤ አምነዋለሁ። አብዛኛው ጉዳት የሚመጣው ትርጉሙን ያለጊዜውና በሌላ ሰው አፍ ከመናገር ነው። መቼ ይገኛል? ማን ይናገረዋል? እስከዚያስ ምን ይደረጋል? ለእነዚህ ጥያቄዎች መጽሐፍ ቅዱስም የቤተ ክርስቲያን ሥርዓትም ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ዝርዝር መልስ አላቸው።

በየለቅሶው የሚጠቀሰውን የዮሴፍን ቃል እንይ፤ «እናንተ ክፉ ነገርን አሰባችሁብኝ፤ እግዚአብሔር ግን ለመልካም አሰበው» (ዘፍ. 50፥20)። ዕድሜውን ከዚያው ከኦሪት ዘፍጥረት ማስላት ይቻላል። ሲሸጥ የ17 ዓመት ልጅ ነበር (37፥2)። ፈርዖን ፊት ሲቆም 30 ሞላው (41፥46)። ሰባቱ የጥጋብ ዓመታት አልፈው ራቡ ሁለት ዓመት ሲሆነው፣ ማለትም በ39 ዓመቱ ገደማ፣ ራሱን ለወንድሞቹ ገለጠ፤ «እግዚአብሔር ከእናንተ በፊት ላከኝ» የሚለው ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፉ የወጣው ያኔ ነው (45፥5-6)። ያዕቆብ በ130 ዓመቱ ግብፅ ወርዶ በ147 ዓመቱ ስላረፈ (47፥9 እና 28)፣ ያ የታወቀው ቃል የተነገረው ዮሴፍ 56 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። ከጉድጓዱ እስከ መጀመሪያው ቃል 22 ዓመት፣ እስከ ሁለተኛው 39 ዓመት መሆኑ ነው። በእስር ቤት ሳለስ ምን አለ? ለጠጅ አሳላፊው የነገረው ስለ እግዚአብሔር ዕቅድ አልነበረም፤ «ምንም ያደረግሁት ሳይኖር ነው የታሰርሁት፤ ለፈርዖን ነግረህ ከዚህ ቤት አስወጣኝ» የሚል አቤቱታ ነበር (40፥14-15)። በኋላም ቃሉን የተናገረው መከራውን የተቀበለው ዮሴፍ ራሱ ነው። ወንድሞቹ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው «ለበጎ ነው» ብለውት ቢሆን ኖሮ ያው እውነት ግፍ በሆነ ነበር።

መጽሐፈ ኢዮብ 42 ምዕራፍ አለው። ብዙዎቻችን የምናውቀው የመጀመሪያዎቹን ሁለትና የመጨረሻውን አንድ ነው፤ «እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ» ካለ በኋላ እጥፍ ሆኖ ተመለሰለት ብለን እንዘጋዋለን። መካከል ላይ ያሉት 39 ምዕራፎች ግን የመጽሐፉ ሥጋ ናቸው። ከምዕራፍ 3 እስከ 31 ኢዮብና ሦስቱ ወዳጆቹ ይከራከራሉ፤ ከ32 እስከ 37 ኤሊሁ የተባለ ወጣት ይናገራል፤ ከ38 እስከ 41 እግዚአብሔር በዐውሎ ነፋስ ውስጥ ይመልሳል። ሙሉውን ለማንበብ አስቦ ምዕራፍ 8 ላይ የሚደክመው ሰው ብዙ ነው፤ የወዳጆቹ ንግግር እርስ በርሱ ስለሚመሳሰል። 1-3፣ 16፣ 19፣ 23፣ ከ29 እስከ 31፣ ከዚያም ከ38 እስከ 42 ያለውን ያነበበ ሰው የመጽሐፉን ዋና መንገድ ያገኘዋል። ቀሪውን ሲበረታ ይመለስበት።

ሦስቱ ወዳጆች ሲመጡ ትክክለኛውን ነገር አድርገው ነበር፤ ልብሳቸውን ቀደዱ፣ ትቢያ በራሳቸው ላይ ነሰነሱ፣ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ተቀመጡ (2፥13)። የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ስሕተታቸው ደግሞ ከክሕደት አልመጣም። የሚናገሩት ሁሉ ለየብቻው ቢታይ ደግ ትምህርት ነው፤ እግዚአብሔር ጻድቅ ነው፣ ኃጢአት ቅጣት ያስከትላል፣ ንስሐ የገባ ይማራል። ከዚህ ተነሥተው ወደ ኋላ ደመደሙ፤ ከተቀጣህ በድለሃል ማለት ነው አሉት። መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር የተቆጣው እየጮኸ በተከራከረው በኢዮብ ላይ ሳይሆን በእነርሱ ላይ ነው፤ እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም አላቸው (42፥7)። የዳኑትም ኢዮብ ሲጸልይላቸው ነው።

ሁለት ነገሮች በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሳይስተዋሉ ያልፋሉ። አንደኛ፣ ኢዮብ ምክንያቱን እስከ መጨረሻው አልሰማም። በምዕራፍ 1 እና 2 በሰማይ በእግዚአብሔርና በሰይጣን መካከል የሆነውን የምናውቀው እኛ አንባቢዎቹ ነን፤ እግዚአብሔር በአራት ምዕራፍ ሲመልስለት ስለዚያ አንድም ቃል አልነገረውም። ኢዮብ ያረፈው «ለምን?» የሚለው ጥያቄው ስለተመለሰለት ሳይሆን «ዓይኔ አየችህ» ለማለት ስለበቃ ነው (42፥5)። ሁለተኛ፣ ከብቱ እጥፍ ሆነለት፤ 7,000 በግ 14,000፣ 3,000 ግመል 6,000 ሆነ። ልጆቹ ግን እንደ ቀድሞው 7 ወንድና 3 ሴት ነበሩ፤ እጥፍ አልሆኑም። ብዙ መምህራን ይህን የሚያብራሩት የሞቱት ልጆች በእግዚአብሔር ዘንድ ስላልጠፉ ነው በማለት ነው። ስለዚህ ልጅ ለሞተባት እናት «ሌላ ይሰጥሻል» አይባልም። ልጅ በልጅ አይተካም፤ መጽሐፉም ተካ አይልም።

ሌላው ብዙ ጥፋት የሚደርስበት ቦታ መከራን ሁሉ በአንድ ዓይን ማየት ነው። ጌታ ራሱ ለይቷል። ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ሲጠይቁት እርሱም ወላጆቹም ኃጢአት አልሠሩም አለ (ዮሐ. 9፥3)። የሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰው ሲሞት ከሌላው ይልቅ ኃጢአተኞች ስለሆኑ እንዳይደለ ተናገረ (ሉቃ. 13፥4)። ጴጥሮስም ስለ ክርስቶስ ስም መከራ የሚቀበለውን፣ ሰርቆ ወይም ገድሎ መከራ ከሚቀበለው ይለያል (1ጴጥ. 4፥15-16)። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ይህ መከራ ሊቆም ይችላል ወይ?» ነው። ሊቆም የሚችል ከሆነ ማስቆም የእምነት ሥራ ነው። ባሏ የሚደበድባትን ሴት «መስቀልሽን ተሸከሚ» ብሎ መመለስ ወንጌልን ያለቦታው መጠቀም ነው። ጳውሎስ ሊገድሉት ሲጠብቁት በቅርጫት ሆኖ በግንብ ወረደ (ሐዋ. 9፥25)፤ ሊገርፉት ሲያስሩት ሮማዊ ዜግነቱን ጠቀሰ (22፥25)፤ ፍርድ ሲጣመም ወደ ቄሣር ይግባኝ አለ (25፥11)። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ድረስ 40 ቀን ሙሉ በማኅሌተ ጽጌ የምታስበው ስደትን ነው፤ እመቤታችን ልጇን ይዛ ከሄሮድስ ሰይፍ መሸሿን። ከአደጋ መሸሽ የእምነት ማነስ ቢሆን ኖሮ 40 ቀን ባልተዘመረለት ነበር። የምትሰደድ እናት፣ ቤቷን ጥላ የወጣች ሴት፣ በዚያ ማኅሌት ውስጥ ቦታ አላት።

ሕክምናም እንዲሁ ነው። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እርሱን የፈጠረ እግዚአብሔር ነውና ይላል፤ መድኃኒትንም ከምድር ያስገኘ እርሱ ነው፣ ብልህ ሰው አይንቀውም። ጸበል ሲጀመር የኤችአይቪ ወይም የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚያቋርጡ ሰዎች ሲበዙ፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው ጸበሉና መድኃኒቱ አብረው እንዲወሰዱ በአደባባይ አስተምረው ነበር። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ሲቋረጥ ተሕዋስያኑ ይለማመዱታል፤ በሽታው ሲመለስ መድኃኒቱ ላይሠራ ይችላል፤ ቤተሰብም ይያዛል። ምስጢረ ቀንዲልም (ካህን ጸልዮ ሕመምተኛውን ዘይት የሚቀባበት ምስጢር) ብዙ ሰው እንደሚመስለው ለሚያጣጥር ብቻ የተሠራ አይደለም። ያዕቆብ ያለው «ከእናንተ የታመመ ማንም ቢኖር» ነው (5፥14)። ገና አልጋ ላይ ቁጭ ማለት ሲቻል ካህን መጥራት ይሻላል፤ ሕመምተኛው ጸሎቱን ሰምቶ «አሜን» ማለት ይችላልና።

የነፍስ ድካምም የሥጋ ነገር አለበት። ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ በታች ተቀምጦ ሞት ሲለምን እግዚአብሔር መልአክ ላከለት። መልአኩ አልሰበከውም፤ ቀሰቀሰው፣ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፣ እንደገና አስተኛው፣ ሁለተኛ አበላው (1ነገ. 19፥5-8)። ከእግዚአብሔር ጋር የተነጋገረው ከዚያ በኋላ 40 ቀን ተጉዞ ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የዘጋው፣ ራሱን ስለ መጉዳት የሚናገር ሰው ዘንድ የምትሄዱ ከሆነ ጥቅስ ከመያዛችሁ በፊት ሾርባ ያዙ። ብቻውን አትተዉት፤ ወደ ሆስፒታልም አብራችሁት ሂዱ። አዲስ አበባ ላለ ሰው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ ሌላም ቦታ በብዙ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። «ጾም ጸሎት አብዛ» ብሎ መተው አደገኛ ነው። ለታመመ ሰው ንስሐ አባቱ ጾሙንም ስግደቱንም ያቀልሉለታል፤ ደፍሮ መጠየቅ ነው።

አሁን ወደ ጸሎቱ። በኀዘን መካከል «መጸለይ አቃተኝ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ያቃተው ማመስገን ነው፤ ጸሎት ምስጋና ብቻ የሆነ ስለሚመስለው። ዳዊትን ይግለጥ። መዝሙር 13 (በግእዙ ዳዊት 12) ስድስት ቁጥር ብቻ ናት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች አቤቱታ ናቸው፤ «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» እያለ «እስከ መቼ» የሚለውን ደጋግሞ ያነሣል። ቁጥር 3 እና 4 ልመና ነው፤ ተመልከተኝ፣ ዓይኖቼን አብራ። ቁጥር 5 እና 6 መታመን ነው። በዚሁ ቅደም ተከተል ማንም ሰው በራሱ ቃል መጸለይ ይችላል፤ እግዚአብሔርን በስሙ መጥራት፣ የደረሰውን ሳያለሳልሱ መናገር፣ የሚፈልጉትን አንድ ነገር ለይቶ መለመን፣ ከዚያ ማመን የሚችሉትን ያህል ብቻ መናገር። በአፍ፣ ድምፅ አውጥቶ ቢሆን ይመረጣል፤ በልብ ብቻ ሲሆን ሐሳቡ ይዞ ይሄዳልና። ከአምስት ደቂቃ ማለፍ የለበትም። ስሕተቱ ከቁጥር 4 ወደ ቁጥር 5 በአንድ ትንፋሽ መዝለል ነው። በመጽሐፍ አንድ መስመር የሆነው በሕይወት ወራት ሊወስድ ይችላል። ያልደረሰ ሰው ቁጥር 4 ላይ ቆሞ «አሜን» ቢል ጸሎቱ ሙሉ ነው። ለዚህ ማስረጃው መዝሙር 88 (በግእዙ 87) ነው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጨለማ ነው፣ ወዳጆቼን አራቅህብኝ ብሎ ያበቃል፣ የምስጋና መዝጊያም የለውም። እንዲህም ሆኖ ከ150ው መዝሙር ውስጥ ተቆጥሯል።

ዳዊት በሳምንት ለሚደገምባቸው ቤቶች ይህ አዲስ አይደለም። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ይደገማል። ይህን የያዘ ሰው ደስ ብሎትም ቢሆን ሰኞ ሰኞ «እስከ መቼ» ይላል፣ ሐሙስ ሐሙስ በጨለማው መዝሙር ያልፋል። መከራ በመጣ ቀን ቃሉ አፉ ውስጥ ነው። ለቅሶን ከደስታ ዘመን ጀምሮ የማስለመድ ጥበብ ይመስለኛል፤ ከዚህ የተሻለ ዝግጅትም አላውቅም።

ሰሙነ ሕማማት ይህንኑ በሥጋ ያስተምራል። ከሰኞ እስከ ዓርብ በነግህ፣ በ3፣ በ6፣ በ9 እና በ11 ሰዓት ግብረ ሕማማት የተባለው የሳምንቱ መጽሐፍ ይነበባል፣ ይሰገዳል፤ መስቀል መሳለም የለም፣ ለሞተ ሰው የሚደረገው ጸሎት፣ ፍትሐትም የለም። በዚያ ሳምንት ለሚሞት ሁሉ የሚሆነው ፍትሐት በሆሳዕና ዕለት አስቀድሞ ይደረጋል። ቤተ ክርስቲያን በእነዚያ ቀናት ትንሣኤን እያወቀች ወደ ትንሣኤ አትሮጥም። ዓርብ በ9 ሰዓት «ኤሎሄ ኤሎሄ ላማ ሰበቅታኒ» (አምላኬ አምላኬ፣ ስለ ምን ተውኸኝ) የሚለው ጩኸት ሲነበብ የሚሰማው አምላክ ስለ መከራ የሰጠው ማብራሪያ አይደለም፤ ራሱ ገብቶበት የጮኸው ነው። ቃሉም የመዝሙር 22 መጀመሪያ ነው። ያ መዝሙር እስከ 21ኛው ቁጥር ድረስ አቤቱታና ልመና ሆኖ ከዚያ ወደ ምስጋና ይዞራል። ለእኔ የክርስትና መልስ እምብርቱ እዚህ ነው፤ የጮኸው ሰው ብቻውን አልጮኸም። ከሆሳዕና በቀጥታ ወደ ፋሲካ የሚዘል ሰው ይህን አያገኘውም። የሚችል ከዓርቡ ስግደት ግማሹን እንኳ ይቁም፤ ወገቡን ወይም ጉልበቱን የሚያመው ተቀምጦ ይከታተል።

ወደ ኀዘንተኛው ቤት እንመለስ። ስትገቡ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» በቂ ነው። ከዚያ መቀመጥ። የሞተውን ሰው በስሙ ማንሣት፣ የምታውቁትን አንድ መልካም ነገር መናገር ቤተሰቡን ያሳርፋል፤ ስሙን መሸሽ ሁለተኛ ሞት ይሆንባቸዋል። «የምረዳችሁ ነገር ካለ ንገሩኝ» አትበሉ፤ ኀዘንተኛ ማሰብ አይችልም። ልጆቹን ትምህርት ቤት ማድረስ፣ ከእድሩ ጋር መነጋገር፣ የሞት ማስረጃ ለማውጣት መሄድ፣ ከእነዚህ አንዱን ራሳችሁ መርጣችሁ ያዙ። ብዙ ሰው የሚጎድለው ሰልስት ወጥቶ ድንኳኑ ሲፈርስ ነው። መታሰቢያው በ3፣ በ7፣ በ12፣ በ30፣ በ40፣ በ80 ቀን፣ በመንፈቅና በዓመት የሚደረግ መሆኑን አስተውሉ፤ ርቀቱ በአብዛኛው እየሰፋ ይሄዳል። ተዝካር የማያወጡ የወንጌላውያን አማኞችም ቢሆኑ እነዚህን ቀናት ስልካቸው ላይ መዝግበው ቀኑ ሲደርስ መደወል ወይም ብቅ ማለት ይችላሉ። ከ40 እስከ 80 ያለው ጊዜ ጠያቂ የሚቀንስበት ነውና ከሁሉ በላይ እርሱን ያዙት። ለድግሱ ተብሎ መበደር ግን የሞተውንም አይጠቅም፤ ጸሎቱና ለድሀ የሚሰጠው ትንሽ ምጽዋት ይበቃል።

ዐረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ እናቷ ስትሞትባት ችግሩ ይከፋል። አገር ቤት መርዶ የሚነገረው ቅርብ ሰዎች ተሰብስበው ማለዳ ሄደው ነው፤ ስትወድቅ የሚይዛት ሰው እንዲኖር። እርሷ ግን ከፌስቡክ ላይ በሌሊት ብቻዋን ታነበዋለች። ስለዚህ ቤተሰብ ፎቶ ከመለጠፉ በፊት እዚያው ከተማ ያለ ዘመድ፣ ጓደኛ ወይም የአጥቢያዋን ሰው ያፈላልግ፤ ያ ሰው አጠገቧ ሆኖ ወይም የዕረፍት ቀኗን ጠብቆ ያርዳት። መሄድ ካልተቻለ ሁለት ሦስት የምታውቃቸው ሰዎች በአንድ ጥሪ መስመር ላይ ሆነው ይንገሯት፣ እስክታለቅስና እስክትረጋጋም ስልኩን አይዝጉ። ሥርዓተ ቀብሩን በቪዲዮ ማየት ከፈለገች አትከልክሏት፤ ያላየችውን ሞት ለማመን ብዙ ጊዜ ይወስድባታልና።

ትርጉሙ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ መካከል ነው፤ ሲመጣም በአንድ መልክ አይመጣም። ጳውሎስ እግዚአብሔር በመከራችን የሚያጽናናን በመከራ ያሉትን ሁሉ ማጽናናት እንድንችል ነው ይላል (2ቆሮ. 1፥4)፤ ልጅ የቀበረች እናት ሌላዋን ስታገኝ የምትለውን ማንም አይልላትም። ለሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለምኖ ያገኘው መልስ ደግሞ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነበር (2ቆሮ. 12፥9)፤ መውጊያው አልወጣም፤ የሚሸከምበት ጉልበት ግን ተሰጠው። የመጣው ትርጉም እውነተኛ መሆኑ የሚታወቅበት አንድ ምልክት አለ፤ ሰውየውን ለሌላው ኀዘንተኛ ያለሰልሰዋል። «እኔ ችዬዋለሁ፣ አንተስ?» የሚያሰኘው ከሆነ ገና አልበሰለም።

በዚህ ዓለም ትርጉሙ ጨርሶ የማይገለጥለት ሰውም አለ። ለእርሱ ዕብራውያን ምዕራፍ 11ን ስታነቡለት ቁጥር 35 መካከል ላይ አታቁሙ። ሰባኪዎች ብዙ ጊዜ የሚያቆሙት እዚያ ነው፤ ሴቶች ሙታናቸውን በትንሣኤ ተቀበሉ ከሚለው ላይ። ከዚያ በኋላ «ሌሎችም» ይልና ስለተገረፉት፣ በድንጋይ ስለተወገሩት፣ በመጋዝ ስለተሰነጠቁት፣ በዋሻና በምድር ጉድጓድ ስለተቅበዘበዙት ይናገራል። በቁጥር 34 በእምነት ከሰይፍ ስለት ያመለጡ አሉ፣ በቁጥር 37 በዚያው እምነት በሰይፍ የተገደሉ አሉ። ቁጥር 39 ሁሉም በእምነታቸው እንደተመሰከረላቸው፣ የተስፋውን ቃል ግን እንዳላገኙ ይናገራል። እስከ ቁጥር 40 ድረስ ቀስ ብላችሁ አንብቡለት፤ ማብራሪያ ካልጠየቀ ማብራሪያ አትጨምሩ።